የመውጫ ትራንስፎርመር በቤት ውስጥ በሚሠራ ዳክ፦ የትኛው አማራጭ ለየትኛው ቺፕ

ዲጂታል ድምፅን ወደ አናሎግ የሚቀይረውን፣ በሙያው ልማድ ዳክ የሚባለውን መሣሪያ በገዛ እጁ የሚሠራ ሰው ቺፑን ከመረጠና የኃይል አቅርቦቱን ካስተካከለ በኋላ አንድ ወሳኝ ጥያቄ ይጠብቀዋል፤ ከቺፑ እግር የሚወጣውን ሲግናል በምን አድርጎ ወደ አምፕሊፋየሩ ያደርሰዋል? የተለመደው መልስ ኦፕ አምፕ፣ ማለትም በቺፕ መልክ የተሠራ የሲግናል ማጉያ ነው። ሌላው መልስ ጥቂት ሬዚስተሮችንና አንድ ጥሩ ትራንስፎርመርን ብቻ መጠቀም ነው። ብዙ ሠሪዎች ይህን ሁለተኛውን መንገድ የሚወዱት ሲግናሉ በትራንዚስተር ሳያልፍና ተጨማሪ ኃይል ሳይፈልግ በመዳብ ሽቦና በብረት ብቻ ስለሚተላለፍ ነው። ይህ ምክንያት ግን ብቻውን አይበቃም። ትራንስፎርመር የተሰጠውን እንዳለ የሚያሳልፍ ዕቃ አይደለም፤ ከኋላው ሲግናሉን ከሚሰጠው ምንጭና ከፊቱ ከሚጠብቀው ጭነት ጋር ባህርይው ይለዋወጣል። ስለዚህ በአንድ ሰው ዳክ ላይ ግሩም ሆኖ የተሰማ ትራንስፎርመር በሌላው ዳክ ላይ ወፍራሙን ድምፅ ቆርጦ ሊያስቀር ይችላል።

እዚህ የሚነጻጸሩት አራት መንገዶች ናቸው። አንደኛው በሬዚስተር የተገኘን ትንሽ ቮልቴጅ በትራንስፎርመር ከፍ ማድረግ ነው። ሁለተኛው ቮልቴጅ ከሚያወጣ ቺፕ ጋር አንድ ለአንድ የሆነ ትራንስፎርመር በቀጥታ ማገናኘት ሲሆን፣ ሦስተኛው ትራንስፎርመሩን ትቶ በኦፕ አምፕ መጨረስ ነው። አራተኛው ደግሞ ሁለቱን ማጣመር፣ ማለትም ኦፕ አምፑ ሥራውን ከሠራ በኋላ ትራንስፎርመሩን በመጨረሻ ማስቀመጥ ነው።

መጀመሪያ ከቺፑ ምን እንደሚወጣ

የዳክ ቺፖች በጥቅሉ በሁለት ወገን ይከፈላሉ። የመጀመሪያዎቹ ከረንት ያወጣሉ፤ ያንን ከረንት ወደ ቮልቴጅ የሚለውጠውን ክፍል ሠሪው ከውጭ ያዘጋጅላቸዋል። የፊሊፕስ ቲዲኤ 1541ኤ፣ የበር ብራውን ፒሲኤም 1704 እና ዛሬ በቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ስም የሚታወቀው ፒሲኤም 1794ኤ ከዚህ ወገን ናቸው። ሁለተኛዎቹ መለወጫውን በውስጣቸው ስለያዙ ቮልቴጅ ያወጣሉ፤ የአሳሂ ካሴይ ኤኬ 4490 ለዚህ ምሳሌ ነው። የኢኤስኤስ ቺፖች በመካከል ይቆማሉ። በኢኤስ 9018 ላይ እያንዳንዱ መውጫ 781 ኦም ገደማ የሆነ ሬዚስታንስ ከፊቱ የተደቀነበት የቮልቴጅ ምንጭ ሆኖ ይታያል፤ ስለዚህ ዜሮ ኦም ከሚመስል መግቢያ ጋር ሲገናኝ እንደ ከረንት ምንጭ፣ ከፍ ካለ ጭነት ጋር ሲገናኝ ደግሞ እንደ ቮልቴጅ ምንጭ ያገለግላል።

ከቺፑ የቴክኒክ ሰነድ ላይ ሦስት ቁጥሮችን ሳያነቡ ትራንስፎርመር መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው። የመጀመሪያው በሙሉ ሲግናል ጊዜ የሚወጣው የከረንት ወይም የቮልቴጅ መጠን ነው። ሁለተኛው ከረንት የሚያወጣው እግር ሳይዛባ የሚታገሰው የቮልቴጅ ወሰን ነው። ሦስተኛው ሙዚቃ በሌለበት ጊዜ እንኳ በእግሩ ላይ የሚቆመው ቀጥተኛ ከረንት ወይም ቮልቴጅ፣ ማለትም ዲሲው ነው። የትራንስፎርመሩ ምርጫ በአብዛኛው ከእነዚህ ሦስቱ ይወለዳል።

ሬዚስተርና ከፍ የሚያደርግ ትራንስፎርመር

በልብ ላይ ቶሎ የሚያድረው ይህ መንገድ ነው። የቺፑ ከረንት በትንሽ ሬዚስተር ውስጥ ሲያልፍ ትንሽ ቮልቴጅ ይፈጠራል፤ ሰከንደሪው፣ ማለትም የመውጫው የሽቦ ጥቅል፣ ከፕራይመሪው፣ ማለትም ከመግቢያው ጥቅል፣ የበለጠ ዙር ያለው ትራንስፎርመር ደግሞ ያንን ቮልቴጅ ያሳድገዋል። በወረቀት ላይ ሲታይ ከዚህ የቀለለ የመውጫ ደረጃ የለም። ይሁን እንጂ ትራንስፎርመር ቮልቴጁን በዙሩ ጥምርታ ሲያበዛ የምንጩን ሬዚስታንስ የሚያበዛው በጥምርታው ስኩዌር ነው። አንድ ለ10 የሆነ ትራንስፎርመር ቮልቴጁን አሥር ጊዜ፣ ሬዚስታንሱን ግን መቶ ጊዜ ከፍ ያደርገዋል።

ብዙዎች በዚህ መንገድ ሊሠሩበት የሚመኙትን ቲዲኤ 1541ኤን እንውሰድ። ይህ ቺፕ በሙሉ ሲግናል ከጫፍ እስከ ጫፍ 4 ሚሊአምፔር ያወጣል፤ በመውጫ እግሩ ላይ የሚታገሰው የሲግናል ቮልቴጅ ግን ወደ ላይም ወደ ታችም 25 ሚሊቮልት ብቻ ነው። ከዚህ ወሰን ሳይወጡ መጠቀም የሚቻለው ትልቁ ሬዚስተር 12.5 ኦም ሲሆን፣ የሚገኘው ቮልቴጅ በአር ኤም ኤስ፣ ማለትም በተለመደው የተለዋዋጭ ሲግናል ውጤታማ ልኬት፣ 18 ሚሊቮልት አይሞላም። አንድ ለ10 በሆነ ትራንስፎርመር ሲያድግ 177 ሚሊቮልት ገደማ ይሆናል። ሲዲ ማጫወቻዎች የለመዱት 2 ቮልት ስለሆነ አሁንም ከአሥር ጊዜ በላይ ማጉላት ይቀራል። ሁሉንም ማጉላት በትራንስፎርመሩ ላይ ብንጭን የዙሩ ጥምርታ አንድ ለ113 ይሆንና የመውጫው ሬዚስታንስ 160 ኪሎኦም ይደርሳል፤ እንዲህ ያለ መውጫ አንድ ሜትር ገመድ እንኳ ሊነዳ አይችልም። አንዳንዶች የቺፑን ወሰን ተላልፈው 33 ወይም 47 ኦም ያስገባሉ። ድምፁ ከፍ ይላል፤ የሚሰማው መዛባት ግን የትራንስፎርመሩ ሳይሆን ካለ ወሰኑ የተገፋው ቺፕ ነው፣ ብዙ ጊዜም ሰዎች ያንን መዛባት የትራንስፎርመር ለዛ አድርገው ይቆጥሩታል። በእኔ እምነት ቲዲኤ 1541ኤ ለዚህ መንገድ የተፈጠረ ቺፕ አይደለም። ይህን ቺፕ የሚወድ ሰው ቢያንስ ከትራንስፎርመሩ ቀጥሎ በትራንዚስተር ወይም በቫልቭ የሚያጎላ ደረጃ እንደሚያስፈልገው አስቀድሞ ይቀበል።

ታናሽ ወንድሙ ቲዲኤ 1543 ከእርሱ ጋር ብዙ ጊዜ ይምታታል፤ ጠባዩ ግን ፈጽሞ የተለየ ነው። የሚያወጣው ከረንት 2.3 ሚሊአምፔር ብቻ ቢሆንም በመውጫው ላይ በርካታ ቮልት ይታገሳል። በ8 ቮልት ኃይል ሲሠራ 1 ኪሎኦም ሬዚስተር ቢደረግለት ያለምንም ትራንስፎርመር 0.8 ቮልት ገደማ ይሰጣል። ስለዚህ ከፍ የሚያደርግ ትራንስፎርመር አያስፈልገውም፤ ለአንድ ለአንድ ትራንስፎርመር ደግሞ 1 ኪሎኦም የምንጭ ሬዚስታንስ ብዙ ነው። አራት ቺፖችን ደርድሮ መውጫቸውን በአንድነት ማያያዝ የተለመደ ዘዴ ነው፤ ከረንቱ አራት እጥፍ ስለሚሆን ሬዚስተሩ ወደ 250 ኦም ወርዶ ተመሳሳይ ቮልቴጅ ይገኛል። ትራንስፎርመር በዚህ ጊዜ ትርጉም ይኖረዋል፤ በመውጫው ላይ የሚቆመው ዲሲ ግን መከልከል አለበት፤ ስለ እርሱ ከታች እንመለስበታለን።

ለዚህ መንገድ በመጠኑ የሚመቸው ፒሲኤም 1794ኤ ነው፤ በእያንዳንዱ ቻናል ሁለት ተቃራኒ መውጫ ስላለው ዲሲው በትራንስፎርመሩ ሁለት ጫፎች ላይ እኩል ቆሞ ይጣፋል። እያንዳንዱ እግር ከጫፍ እስከ ጫፍ 7.8 ሚሊአምፔር ያወጣል፤ ሙዚቃ በሌለበትም 6.2 ሚሊአምፔር ይስባል። በእያንዳንዱ እግር 22 ኦም ብናደርግ በሁለቱ መካከል 121 ሚሊቮልት አር ኤም ኤስ እናገኛለን። አንድ ለ4 በሆነ ትራንስፎርመር ይህ ወደ 0.48 ቮልት ያድጋል፤ የመውጫው ሬዚስታንስም ከ700 ኦም በትንሹ ይበልጣል። ይህ ለመስማት በቂና ለገመድ የማያስቸግር ውጤት ነው። አንድ ለ10 ብንመርጥ ግን ቮልቴጁ 1.2 ይሁን እንጂ የመውጫው ሬዚስታንስ 4.4 ኪሎኦም ይሆናል፤ መግቢያው 10 ኪሎኦም ከሆነ አምፕሊፋየር ጋር ሲገናኝ ካገኘነው ቮልቴጅ ወደ 30 በመቶው በመንገድ ይቀራል። ስለዚህ ከፍ ያለ የዙር ጥምርታ የሚሰጠው በቁጥር እንደሚታየው አይደለም። ይህን መንገድ የሚመርጥ ሰው ከአንድ ለ4 ወይም ከአንድ ለ5 ባይዘልና የቀረውን ማጉላት ለፕሪአምፕሊፋየሩ ቢተወው ይሻላል። ሁለቱ ሬዚስተሮች ደግሞ በመልቲሜትር ተለክተው እኩል የሆኑ ይሁኑ፤ ልዩነት ካላቸው በትራንስፎርመሩ ውስጥ ዲሲ ያልፋል።

ይህን መንገድ ከሚመርጡት ብዙዎቹ ዲጂታል ፊልተር የሌለውን አሠራር የሚወዱ ናቸው፤ ትራንስፎርመሩ የፊልተሩን ሥራ ይሠራልናልም ይላሉ። በከፊል እውነት ነው። ጥሩ ትራንስፎርመር ከ100 ኪሎኸርዝ በላይ ያለውን ዲጂታል ቆሻሻ ያዳክማል፤ አምፕሊፋየሩም ከዚህ ያርፋል። ነገር ግን በ44.1 ኪሎኸርዝ የተቀዳ ሙዚቃ ውስጥ ያለ 20 ኪሎኸርዝ ድምፅ ጥላውን የሚጥለው በ24.1 ኪሎኸርዝ ላይ ነው። 20ን ሳይነካ 24.1ን የሚያስቀር ትራንስፎርመር የለም። በዚያ ላይ ይህ አሠራር በራሱ በ20 ኪሎኸርዝ ላይ 3.2 ዴሲቤል ያህል ስለሚቀንስ፣ ቀጭኑ ድምፅ ለስለስ ብሎ ሲሰማ ምስጋናው ሁልጊዜ ለትራንስፎርመሩ መሰጠት የለበትም።

ቮልቴጅ ከሚያወጣ ቺፕ በቀጥታ

ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሞክር ሰው ቢጠይቀኝ የምመክረው ይህን ነው። ኢኤስ 9018 በ3.3 ቮልት ሲሠራ እያንዳንዱ እግር ከጫፍ እስከ ጫፍ 3 ቮልት ገደማ ስለሚሰጥ በሁለቱ ተቃራኒ እግሮች መካከል ከ2 ቮልት አር ኤም ኤስ በላይ ይገኛል። ማጉላት አያስፈልግም ማለት ነው፤ አንድ ለአንድ የሆነ ትራንስፎርመር ይበቃል። በሁለቱም እግሮች ላይ 1.65 ቮልት ዲሲ ቢቆምም እኩል ስለሆነ በፕራይመሪው ውስጥ አያልፍም።

እዚህ ላይ የምንጩ ሬዚስታንስ ነገር ሙሉ በሙሉ ይገለጣል። ትራንስፎርመር ወፍራሙን ድምፅ እስከ የት ድረስ እንደሚያወርድ የሚወስነው የፕራይመሪው ኢንዳክታንስ፣ ማለትም ጥቅሉ የከረንትን ለውጥ የሚቋቋምበት መጠን፣ ከምንጩ ሬዚስታንስ ጋር ያለው ዝምድና ነው። ሬዚስታንሱ ለኢንዳክታንሱና ለ6.28 ሲካፈል ድምፁ በ3 ዴሲቤል የሚወርድበት ድግግሞሽ ይገኛል። 10 ሄንሪ ኢንዳክታንስ ያለው ትራንስፎርመር ይዘናል እንበል። የኢኤስ 9018ን ስምንት መውጫዎች አራት አራት አድርገን ለሁለት ቻናል ካያያዝናቸው በሁለቱ እግሮች መካከል ያለው የምንጭ ሬዚስታንስ 390 ኦም ይሆናል፤ የጭነቱን ድርሻ ሳንቆጥር ድምፁ የሚወርደው በ6 ኸርዝ ላይ ነው። ያንኑ ትራንስፎርመር መውጫው ካልተደራረበ አንድ ቻናል ጋር ስናገናኘው ሬዚስታንሱ 1,560 ኦም ስለሚሆን ድምፁ በ25 ኸርዝ ላይ መውረድ ይጀምራል። ትራንስፎርመሩ አንድ ነው፤ ባሱ ግን ሁለት ዓይነት ሆኗል። አንዱ ሠሪ ያሞገሰውን ሌላው የሚነቅፈው ብዙ ጊዜ ከዚህ የተነሣ ነው።

ነገሩ በባስ መጠን አያበቃም። ሽቦው የተጠመጠመበት ኮር ብረቱን ለመመግነጥ የሚስበው ከረንት ከሲግናሉ ጋር ቅርፁ አንድ አይደለም፤ ይህ የተዛባ ከረንት በምንጩ ሬዚስታንስ ውስጥ ሲያልፍ የተዛባ ቮልቴጅ ይፈጥራል። ምንጩ ወደ ዜሮ ኦም በቀረበ ቁጥር መዛባቱ ይቀንሳል፤ ሬዚስታንሱ ከፍ ባለ ቁጥር ደግሞ ያው ትራንስፎርመር የባሰ ይሆናል። መዛባቱ የሚያይለው ዝቅተኛ ድግግሞሽ ላይ ነው፤ ምክንያቱም ቮልቴጁ ሳይለወጥ ድግግሞሹ በግማሽ ሲቀንስ በኮሩ ውስጥ ያለው መግነጢስ እጥፍ ይሆናል። በ1 ኪሎኸርዝ የተለካ ንጹሕ ቁጥር ብቻ የሚያቀርብ ሻጭ ካጋጠመ በ20 ኸርዝና በ2 ቮልት ምን ያህል እንደሚዛባ መጠየቅ ተገቢ ነው።

በዚህ መንገድ የሚከፈል ሌላ ዋጋ አለ። የኢኤስኤስ ቺፖች ዝቅተኛ መዛባታቸውን የሚያሳዩት በከረንት አሠራር፣ ማለትም ዜሮ ኦም ከሚመስል መግቢያ ጋር ሲሠሩ ነው። በቮልቴጅ አሠራር ቁጥራቸው ይወርዳል። በመለኪያ የሚኮራ ሰው ይህን መንገድ ባይመርጥ ይሻለዋል። ቀላል፣ ከግራውንድ የተለየና ሚዛናዊ፣ ማለትም ሲግናሉን በሁለት ተቃራኒ መስመሮች የሚልክ፣ መውጫ ያለው ዳክ ለሚፈልግ ግን ከዚህ የሚመች የለም።

ዲሲን ለመከልከል ካፓሲተር ስለማስገባትም እዚህ ላይ ማንሣት ያስፈልጋል፤ ብዙ ሥራ የሚበላሸው በዚህ ነውና። ካፓሲተርና የትራንስፎርመር ኢንዳክታንስ በተከታታይ ሲገናኙ በአንድ ድግግሞሽ ላይ አብረው ይርገበገባሉ። 10 ማይክሮፋራድ ከ10 ሄንሪ ጋር ሲገናኝ ያ ድግግሞሽ 16 ኸርዝ ገደማ ይሆናል፤ ምንጩ 390 ኦም፣ ጭነቱ 10 ኪሎኦም ከሆነ በዚያ ቦታ ላይ 6 ዴሲቤል ያህል እብጠት ይነሣል። እኔም የመጀመሪያውን ዳኬን ስሠራ ዋጋው ውድ የሆነ 10 ማይክሮፋራድ የፊልም ካፓሲተር አስገብቼ የአምፕሊፋየሩ ባስ ስፒከር ያለ ሙዚቃው ምክንያት ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሲወዛወዝ አይቻለሁ። ተራ 100 ማይክሮፋራድ ኤሌክትሮሊቲክ ሳስገባ መርገብገቡ ወደ 5 ኸርዝ ወረደ፤ እብጠቱም ከሞላ ጎደል ጠፋ። ትራንስፎርመር ባለበት ቦታ ካፓሲተሩ ከተለመደው በጣም ትልቅ መሆን አለበት፤ ውድ መሆኑ ግን ግዴታ አይደለም። ትራንስፎርመር በሌለበት መውጫ 2.2 ማይክሮፋራድ ከ10 ኪሎኦም መግቢያ ጋር በ7 ኸርዝ ላይ ስለሚቆርጥ ይበቃል፤ ያንን ልማድ ወደ ትራንስፎርመር ማምጣት ነው ስሕተቱ።

ኦፕ አምፕ ብቻውን፣ ወይም ከትራንስፎርመር በፊት

ትራንስፎርመር ወዳዶች ኦፕ አምፕን በክፉ ያነሡታል፤ እውነቱ ግን ሊነገር ይገባል። የፒሲኤም 1794ኤ ሰነድ ኤንኢ 5534 ኦፕ አምፖችን ለከረንት መለወጫ የተጠቀመ ወረዳ ያሳያል። ቺፑ በሰነዱ ላይ የተመዘገበለት አቅም በ2 ቮልት መውጫ 127 ዴሲቤል የድምፅ ስፋትና 0.0004 በመቶ መዛባት ነው። በ20 ኸርዝ ላይ ይህን ቁጥር የሚያሟላ ትራንስፎርመር የለም። ከረንት የሚያወጣ ቺፕ የሚሻው ዜሮ ኦም የሚመስል መግቢያ ነው፤ ኦፕ አምፕም የሚሰጠው ልክ ይህንን ነው። ሬዚስተር ግን አይሰጥም። ስለዚህ መለኪያና ዋጋ ብቻ ከታዩ፣ አምፕሊፋየሩም በአጭር ገመድ ርቀት ላይ ካለ፣ እም የሚል ድምፅም ከሌለ በኦፕ አምፕ መጨረስ ትክክለኛ ምርጫ ነው። በዚህ ማንም ሊያፍር አይገባም።

ትራንስፎርመሩ ቦታውን የሚያገኘው ኦፕ አምፕ ሊሠራው የማይችለው ነገር ሲያስፈልግ ነው። ኦፕ አምፕ የዳኩን ግራውንድ ከአምፕሊፋየሩ ግራውንድ መነጠል አይችልም፤ ትራንስፎርመር ይነጥላል። ሚዛናዊ መውጫ ያለው ተራ የኦፕ አምፕ ወረዳ ሚዛናዊ ካልሆነ መግቢያ ጋር ሲገናኝ ከሁለቱ መውጫዎች አንዱ ይተዋል፤ የቮልቴጁም ግማሽ ይቀራል። የትራንስፎርመር ሰከንደሪ ግን አንዱ ጫፉ ግራውንድ ላይ ቢታሰር ምንም ሳይጎድል ሙሉ ቮልቴጁን በሌላኛው ጫፍ ይሰጣል። አንድ ዳክ ዛሬ ከስቱዲዮ መሣሪያ፣ ነገ ከቤት አምፕሊፋየር ጋር የሚገናኝ ከሆነ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው።

የሁለቱ ጥምረት ታዲያ ከአራቱ ሁሉ የምወደው ነው። ኦፕ አምፑ ቺፑ የሚፈልገውን ዜሮ ኦም ይሰጠዋል፤ በመውጫው በኩልም ጥቂት ኦም ብቻ ያለው ጠንካራ ምንጭ ሆኖ ትራንስፎርመሩን ይነዳል። ትራንስፎርመሩም መዛባቱ ዝቅ ባለበት፣ ባሱ ጥልቅ በሆነበት ሁኔታ ይሠራል። ወጪው የሁለቱ ድምር መሆኑ እውነት ነው፤ ሲግናሉም በትራንዚስተሮች ማለፉ አልቀረም። ነገር ግን ትራንስፎርመርን ለመነጠልና ለሚዛን የሚገዛ ሰው በጥሩ ምንጭ ቢነዳው ገንዘቡ ያወጣል። ከኦፕ አምፑ የሚወጣው ዲሲ ከጥቂት ሚሊቮልት እንዳይበልጥ ግን መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ የፕራይመሪው የሽቦ ሬዚስታንስ ትንሽ ስለሆነ ጥቂት ሚሊቮልት እንኳ የማይናቅ ከረንት ያሳልፋል።

መነጠል ብቻ ከሆነ የሚፈለገው

ብዙ ሰው ወደ ትራንስፎርመር የሚመጣው ዳኩ ከኮምፒውተር ጋር ሲገናኝ ከስፒከሩ እም የሚል ወይም የሚያፏጭ ድምፅ ስለሚሰማ ነው። ይህ ከሆነ ምክንያቱ መነጠሉ በዲጂታሉ በኩል ይቀልላል። በብርሃን የሚሠራው ቶስሊንክ ገመድ ኤሌክትሪክ ስለማያስተላልፍ በሁለቱ መሣሪያዎች ግራውንድ መካከል የሚዞረውንና ድምፁን የሚያመጣውን ከረንት ሙሉ በሙሉ ይቆርጠዋል፤ ዋጋውም ከአንድ ጥንድ ጥሩ ትራንስፎርመር ጋር አይወዳደርም። በዩኤስቢ በኩል ለሚመጣ ሰው የዩኤስቢ መነጠያ አለ፤ በኤዲዩኤም 4160 ቺፕ የተሠሩት ግን በሰከንድ ከ12 ሜጋቢት በላይ ስለማያሳልፉ ከፍተኛ ፍጥነት ለሚፈልግ ዳክ አይሆኑም።

ትራንስፎርመር ለመነጠል ሲመረጥ ደግሞ ሁለት ዓይነት መኖሩን ማወቅ ያስፈልጋል። የመውጫ ትራንስፎርመር ፕራይመሪውና ሰከንደሪው ተቀራርበው ስለሚጠመጠሙ የሽቦ ሬዚስታንሱ ትንሽ ነው፤ ረጅም ገመድም ይነዳል። በሁለቱ ጥቅሎች መካከል ያለው ካፓሲታንስ ግን ብዙ ስለሆነ ከፍ ያለ ድግግሞሽ ያለው ጫጫታ ሾልኮ ያልፋል። የመግቢያ ትራንስፎርመር በጥቅሎቹ መካከል የመዳብ ከለላ ስላለው ይህን ጫጫታ በእጅጉ ያግዳል፤ ሰከንደሪው ግን የገመድ ካፓሲታንስን አይወድም። ስለዚህ የሚረብሸው ከኮምፒውተር የኃይል አቅርቦት የሚመጣ ጫጫታ ከሆነ ከዳኩ ውስጥ ይልቅ በገመዱ መጨረሻ፣ ከአምፕሊፋየሩ አንድ ሜትር ባልራቀ ቦታ የተቀመጠ የመግቢያ ትራንስፎርመር የበለጠ ይሠራል። የካሊፎርኒያው ጄንሰን ሁለቱንም ዓይነት ለይቶ ያቀርባል፤ ጄቲ 11ፒ 1 ከመግቢያዎቹ አንዱ ነው።

ኮሩና አገጣጠሙ

ከ1958 ጀምሮ የሚሠራው የስዊድኑ ሉንዳል፣ የእንግሊዙ ሶውተር እና የአሜሪካው ሲኔማግ ለዚህ ሥራ በሠሪዎች ዘንድ የታወቁ ናቸው፤ ኤድኮር ደግሞ ዋጋው ዝቅ ያለ ስለሆነ ለሙከራ ይመቻል። ከስሙ በላይ ግን ኮሩ ይታይ። 80 በመቶ ያህል ኒኬል ያለበት ኮር በትንሽ ሲግናል ላይ መዛባቱ እጅግ ዝቅ ያለ ነው፤ ነገር ግን ቶሎ ይጠግባል፣ ማለትም ከዚያ በላይ መግነጢስ መሸከም ያቅተዋል፤ ዲሲንም አይታገስም። የሲሊከን ብረት ኮር ከእጥፍ በላይ መግነጢስ ይሸከማል፤ በትንሽ ሲግናል ላይ ግን የኒኬሉን ያህል ንጹሕ አይደለም። ሬዚስተርን ተከትሎ በሚሊቮልት ለሚሠራ ትራንስፎርመር ኒኬሉ ይሻላል። ከኦፕ አምፕ በኋላ 2 ቮልትና ከዚያ በላይ ለሚሸከም ግን ሰፊ ኮር ወይም የሁለቱ ድብልቅ ይመረጣል። በኮሩ መካከል ክፍተት የተተወለት ትራንስፎርመር ዲሲ ይታገሳል፤ በምትኩ ኢንዳክታንሱ ይቀንሳል። ሁለት ተቃራኒ መውጫ ላለው ቺፕ ክፍተት አያስፈልግም።

የኒኬል ኮር ያለውን ትራንስፎርመር ሽቦ በመልቲሜትር የኦም መለኪያ መለካት አይገባም፤ መለኪያው የሚያሳልፈው ዲሲ ኮሩን መግነጢስ አድርጎ ይተወዋል፣ መዛባቱም ይጨምራል። ከተለካም 20 ወይም 30 ኸርዝ የሆነ ሲግናል ከፍ አድርጎ ማስገባትና መጠኑን ቀስ በቀስ እስከ ዜሮ መቀነስ ያጸዳዋል።

በሰከንደሪው ላይ ጭነት ሳያደርጉ መተውም ያስቸግራል። ለ600 ኦም ጭነት የተሠራ ትራንስፎርመር 50 ኪሎኦም ከሆነ መግቢያ ጋር ሲገናኝ ከመስሚያ ወሰን በላይ ባለ ድግግሞሽ ላይ ይርገበገባል። ሬዚስተርና ካፓሲተር በተከታታይ አድርጎ በሰከንደሪው ላይ ማሰር ያረጋጋዋል፤ ትክክለኛው መጠን የሚገኘው 1 ኪሎኸርዝ የሆነ ካሬ ሞገድ አስገብቶ በኦሲሎስኮፕ ማዕዘኑን በማየት ነው።

በመጨረሻ የሚቀረው የቦታው ነገር ነው። የድምፅ ትራንስፎርመር ከኃይል ትራንስፎርመሩ የሚወጣውን መግነጢስ እንደ አንቴና ይቀበላል። ዳካቸውን ከአሜሪካ ይዘው ወደ አዲስ አበባ የሚመለሱ ሰዎች በዚህ ላይ የተለየ ጥንቃቄ ያስፈልጋቸዋል። ለ60 ኸርዝ ብቻ ተብሎ የተሠራ የኃይል ትራንስፎርመር ቮልቴጁ በማሳነሻ ወደ 120 ቢወርድለት እንኳ በ50 ኸርዝ ላይ ኮሩ ውስጥ ያለው መግነጢስ በ20 በመቶ ይጨምራል፤ ማሳነሻው ቮልቴጁን እንጂ ድግግሞሹን አይለውጥምና። ወደ ጥጋቡ የቀረበ ኮር ወደ ውጭ የሚያፈስሰው መግነጢስ ያድጋል፤ በዚያ አገር ጸጥ ብሎ የነበረው ዳክ እዚህ ሲመጣ እም ይላል። ስለዚህ ዳኩ ሲሠራ በሰሌዳው ላይ 50 እና 60 ኸርዝ ሁለቱም የተጻፉበት የኃይል ትራንስፎርመር ይመረጥ፣ የሚቻል ከሆነም በሌላ ሳጥን ውስጥ ይቀመጥ። የድምፅ ትራንስፎርመሮቹ ደግሞ ሽቦአቸው ከተያያዘ በኋላ ወዲያው በብሎን አይታሰሩ። መጀመሪያ ሙዚቃ ሳይኖር አምፕሊፋየሩን በጥንቃቄ ከፍ አድርጎ፣ እያንዳንዱን ትራንስፎርመር በጣት ይዞ ቀስ እያሉ ማዞር ነው፤ እም የሚለው ድምፅ በአንድ አቅጣጫ ላይ በግልጽ ዝቅ ይላል። በእርሳስ ምልክት ይደረግበትና ሳህኑ የሚበሳው እዚያ ላይ ነው።